አንድ ሰው የጎደለበት ማዕዘን

እንኳን ደህና መጡ እትዬ አርዲስ! ይግቡ፣ ይግቡ... ከመስኮቱ ራቅ ያለው ወንበር ይሻልዎታል፤ የነሐሴ ፀሐይ በዚያ በኩል አንገት ያቃጥላል። ዳሌዎ እንዴት ሆነ? አካሄድዎ እኮ የልጃገረድ ሆኗል! እኛ እዚህ አዮዋ በረዶ ስንዝቅ እርስዎ አሪዞና ልጅዎ ዘንድ ፀሐይ ሲሞቁ ከረሙ። ይኸው፣ መዳብ መስለው መጡ።

እንደ ወትሮው ልከርክመው? ከኋላ አጠር... እሺ።

በቆሎውን አዩት? ዘንድሮ ከመንገዱ ዳር ሰው ቢቆም አይታይም። ነገ ደግሞ የአውራጃው የእርሻ ትርኢት ነው። አሳማውም፣ ኬኩም፣ ፖለቲከኛውም በአንድ ሜዳ። ደግነቱ ሽልማት የሚሰጠው ለአሳማው ነው።

ማን አሉኝ? ካስኩ ስር ፀጉሯን የምታደርቀው? አይጨነቁ፣ እሷ አትሰማም። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው እንኳን የእኛን ወሬ የእሳት አደጋ መኪናም አይሰማም። ነገ ሰው ፊት የምትቆምበት ጉዳይ አላት፤ ፀጉሯን ቆንጆ አድርጌ ልላካት ብዬ ነው። እኔ ለማንም እጄን አልሰስትም። ያውቁኛል።

አንገትዎን ትንሽ ዝቅ... እንዲህ።

ምርጫው አመለጠዎት አይደል? ምን አመለጠዎት፣ ገላገለዎት! ምራትዎ በስልክ “እናንተ አገር ሰው ቆሞ ነው የሚመርጠው?” ብላ ሳቀች አሉኝ። ምን ያስቃል? እንዲህ ይበሏት። ጥር ላይ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እንገባለን፤ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሁሉ አንድ አንድ ማዕዘን አለው፤ የወደድነው ሰው ማዕዘን ሄደን እንቆማለን። ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ። ከመቆጠሩ በፊት መከራከር፣ መለመን፣ ኬክ ማጉረስ፣ ሁሉም ይፈቀዳል። ከዚያ ይቆጠራል። በቂ ሰው ያልሞላ ማዕዘን ይፈርሳል። ያው ነው። መጋረጃ የለ፣ ሳጥን የለ። እኛ የምንመርጠው በእግራችን ነው፤ እግር ደግሞ... እግር እንግዲህ የት እንደሚሄድ ይታያል።

እኔ የሊንድክዊስት ማዕዘን አለቃ ነበርኩ። በሰሜን በኩል፣ ከውጤት ሰሌዳው ስር። ሴናተሩን ያስታውሱታል? ያ የገጠር ሐኪም የነበረው፣ ጫማው የማይወለወል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጥቶ ማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ ኮቱን አውልቆ የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው። “ይህ ክፍል ከተዘጋ የዚህ ከተማ ሴቶች መንገድ ላይ ነው የሚወልዱት” ብሎ በቴሌቪዥን የተናገረም እሱ ብቻ። ቶላንድ ምን አለ? ሌላው ተወዳዳሪ፣ አገረ ገዢው ቶላንድ፣ ጥርሱ ያምራል። በእውነት ያምራል።

የእኔ ዳርሲ ያኔ ገና ማርገዟ ነበር። ለእኔ ምርጫው ያ ነበር እትዬ አርዲስ፤ ሌላ ፖለቲካ አልገባኝም። ልጄ የት ትወልዳለች? በቃ።

እና አንዲት ሴት ነበረች፣ በእኛ ማዕዘን...

ስሟን ምን ያደርጉታል? ጥሩ ሰው ናት። ስለ ጥሩ ሰው ስም ሳይጠሩ ማውራት ይሻላል፤ ሲሰሙ ያፍራሉ። ማዋለጃውን ስንት ዘመን የመራች፣ የዚህን ከተማ ግማሽ በእጇ የተቀበለች። ዳርሲንም እሷ ናት የተቀበለችልኝ። እንዴት ያለ እጅ! ለስላሳ፣ ሙቅ... ማንም ቢዘረጋላት እምቢ የማይል እጅ።

ከእሷ የተሻለ ሊንድክዊስትን የሚያውቅ ማን ነበር? ክፍሉን ያስጎበኘችው እሷ። በየበሩ እያንኳኳች ወረቀቱን ያደለችው እሷ። ለማዕዘናችን ያንን ቸኮሌት የተቀባ የኦቾሎኒ ቅቤ ጣፋጯን በሰፊ ትሪ ጋግራ መጣች። “ሆዱ የሞላ አይናወጥም” እያለች ታጎርሰን ነበር። እኛ እንኳ አልተናወጥንም።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ስለ አንደኛው ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? ስለ ምክትሉ! ቶላንድ ቢመረጥ ማንን ምክትል ያደርጋል? እነዚያ የቶላንድ ደጋፊ ልጆች ከወዲያ ማዕዘን እየመጡ “ሊንድክዊስትን ነው እኮ የሚወስደው፣ ያለቀ ነገር ነው፣ ለምን ትለፋላችሁ” ይላሉ። ኦርቪልን ያውቁት የለም፣ ትራክተር የሚጠግነው? “ምክትል ማለት ትርፍ ጎማ ነው” አላቸው። “እኔ መኪና ስገዛ ትርፍ ጎማውን አይቼ አልገዛም።” ተሳቀ።

ያቺ ሴት ግን አልሳቀችም። አሳቢ ናት። እኛ ፊት ለፊታችን የቆመውን ሰው ብቻ ስናይ፣ እሷ ከኋላው የሚመጣውን ታያለች። እንዲህ ያለ ዓይን ለሁሉ ይሰጣል?

ሰብሳቢው “ወደየማዕዘናችሁ፣ ልቆጥር ነው” ሲል ወደ እኔ ጠጋ አለች። “ሮዌና፣ አትቀየሚኝ” አለችኝ። “ለሊንድክዊስት ብዬ ነው። ቶላንድን ካጠነከርነው ሁለቱንም እናገኛለን። ለማዋለጃው ብዬ ነው።”

ለሊንድክዊስት ብላ ሊንድክዊስትን ተወችው! እንዲህ ያለ ፍቅር አይተው ያውቃሉ? እኔ ባሌን ለሠላሳ ዓመት ስወደው፣ አንድ ቀን እንኳ እሱን ለመጥቀም ብዬ ከጎረቤቱ ጋር መኖር አልመጣልኝም። የእኔ ጭንቅላት ጠባብ ነው።

አዳራሹን በመሃል አቋርጣ ሄደች። ሁሉም እያየ። ትሪዋንም ይዛ።

ትሪውንስ ለምን እንደያዘችው አሁንም ይገርመኛል... ግማሹ ገና አልተበላም ነበር።

ተቆጠርን። አንድ ሰው ጎደለን።

አንድ።

ሰብሳቢው አዝኖ ደግሞ ቆጠረ። ሰው ሁለቴ ሲቆጠር አይበዛም። ማዕዘናችን ፈረሰ። ኦርቪል ኮቱን ለብሶ ወጣ። እኔ የውጤት ሰሌዳው ስር ብቻዬን ቀርቼ የወደቁ ወረቀቶች ለቀምኩ። ሊንድክዊስትም በየቦታው እንዲሁ ተንጠባጥቦ ቀረና በሳምንቱ ውድድሩን ተወ። አንድ ማዕዘን ፕሬዚዳንት አይጥልም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ስተኛ የምተኛው።

ጆሮዎን ልያዝ... አይፍሩ፣ መቀሱን አርቄዋለሁ።

ማዋለጃው? ፋሲካ እንዳለፈ ተዘጋ። አልነገሩዎትም? አልጋዎቹን በጭነት መኪና ወሰዷቸው። አሁን በሩ ላይ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ አለ። ዳርሲ የምትወልደው መስከረም መጨረሻ ነው፣ በአጨዳው መሃል። ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ ነው። በአጨዳ ጊዜ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ያውቁታል፤ ከኮምባይነር ኋላ ገብተው እንደ ቀብር ሸኚ ነው የሚሄዱት። ባሏ መንገዱን በየሳምንቱ እየነዳ ይለማመዳል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ከኮምባይነር ኋላ... ተዉት፣ እኔ አላስበውም።

ያቺ ሴት ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ቶላንድ ዕጩ ሆኖ ካለፈ በኋላም “ቆይ፣ ምክትሉ ይታወቅ” ትል ነበር። በጋውን ሙሉ። ነዳጅ ማደያው ጋ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ የጦር መኮንን ይላል፣ አንዱ ሴት ናት የሚመርጠው ይላል፤ እሷ “ሊንድክዊስት” ብላ ድርቅ። እምነት እንዲህ ነው። ሰው ሲያምን እንዴት ያምርበታል!

የተነገረ ቀን የት እንደነበረች ልንገርዎት? እዚሁ። እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ። ፀጉሯን ቀለም ቀብቻት እየጠበቅን፣ ሬዲዮው ቶላንድ ምክትሉን መረጠ አለ። ካስዌል።

አዎ፣ ያ ካስዌል። የሆስፒታሎቹ ኩባንያ አለቃ የነበረው። የእኛን ማዋለጃ ይዘጋ ብሎ የፈረመው እጁ ነው... እሱ ደግሞ ሌላ ለስላሳ እጅ።

ምን አለች መሰለዎት? ቀለሙ ግንባሯ ላይ ወረደ። “ሙቀቱ ነው” አለችኝ። ጠረግኩላት። እኔም ሙቀት ነው አልኩ። ቀኑ ዝናብ ነበር።

እዚያ ቢያበቃ እኔም ባልተነፈስኩ። ሰው ይሳሳታል፤ ቤቴ መጥታ “ተሳሳትኩ ሮዌና” ብትል ምን እላታለሁ? ድስት እጥድ ነበር። ግን የቶላንድ ሰዎች ደወሉላት። ካስዌል ለትርኢቱ ሲመጣ መድረክ ላይ የሚያስተዋውቀው ሰው ፈልገዋል። ማንን? ከንቲባውን? አይ። የተዘጋውን ማዋለጃ ነርስ! እሷ አጠገቡ ቆማ ፈገግ ካለች ማን ምን ይላል? ሌላው አፉን ከፍቶ ካወራ ሊባል የሚችለው “እሷ ይቅር ካለችው አንተ ምን አገባህ” ነው።

እና እሺ አለች። ልቧ ሰፊ ነው ብዬዎታለሁ። ሁለት ዕጩ የሚያስቀምጥ ልብ ሦስተኛ አያጣበውም። “ካስዌል ሰው እንደሚያወራው አይደለም፤ በቅርብ ሲያዩት ሰው ያዳምጣል” አለች አሉ። በቅርብ ለማየት መድረክ ላይ ጥላ ስር መቀመጫ ሰጥተዋታል። እሷ ጥላ ፈልጋ አይደለም፤ ጥላው ነው የሚከተላት።

ለራሷ ብላ እንዳይመስልዎት! ለእኛ ነው። በጥርም ለእኛ ነበር። ይቺ ሴት ለእኛ ብላ የማትሄድበት የለም።

ለምን ይቆነጥጡኛል እትዬ አርዲስ? ምን? ካስኩ?

ካስኩማ ከቆመ ቆየ። እርስዎ ጆሮዎን ሲያሲዙኝ ነው የቆመው። እኔማ ገና ያልደረቀ መስሎኝ... ሰው ሲደርቅለት ይነሳል ብዬ።

ይኸው፣ እርስዎ ጨርሰዋል። ይዩት በመስታወቱ። ሙሽራ!

ውይ የኔ እህት! አንቺስ፣ ምነው ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ? ደርቆልሻል እኮ። ነይ፣ ነይ ላበጥርልሽ። አይ፣ የሩቅ ሰው ነው የምናወራው፣ አታውቂያትም። ቀና በይ። እንዴት ያለ ፀጉር! ነገ በማይክሮፎኑ ፊት ያበራል።

ዳርሲ ሰላም ብላሻለች። ምጡ ሲጀምራት መጀመሪያ የምትደውለው ለአንቺ ነው፣ ከባሏም በፊት። “እሷ መኪናው ውስጥ አብራኝ ካለች መንገዱን አልፈራም” ትላለች። ልጅ ናት... ታምናለች። እኔም “ትመጣለች፣ ቃሏ ነው” ብያታለሁ።

ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ? ሙቀቱ ነው።

በይ እግዜር ይከተልሽ። ነፋሱ ፀጉርሽን አይንካብሽ፣ ጭብጨባው አይቋረጥብሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ደጅሽ እንግዳ፣ ትሪሽ ጣፋጭ አይጣ። አንድ ቀን ክፉ ነገር ቢመጣብሽ ደግሞ፣ ዞር ብለሽ አጠገብሽ የቆመውን ስትቆጥሪ... ሙሉ ያድርግልሽ የኔ እህት። አንድ ሰው እንኳ አይጉደልብሽ።