ቤትዎ ያውቃል ወይ?

ዝናቡ ድንገት ነው የወረደው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻና ውል ከምጽፍባት ጠረጴዛ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ያዘኝና በአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከእኔ ቀድመው የገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ከኮታቸው ኮሌታ ሥር የተንጠለጠለውን ቢጫ መለኪያ ሳይ ማን እንደሆኑ አወቅኩ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሜትር ናቸው። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ሜትሩን ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ነው። ቀብር ላይ እንኳ ከጥቁሩ ኮት ሥር ብቅ ስለሚል፣ ሟቹን ሊለኩ የመጡ ይመስላሉ እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ?»

ክው አሉ። ዞረው ሲያዩኝ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«አንተ ነህ እንዴ ልጄ! እኔማ ባለ ወፍጮው መስለኸኝ። ሰሞኑን ድመት ስታስነጥስ እንኳ እሱ ነው የሚመስለኝ።»

«ምን ተሸክመው ነው በዚህ ዝናብ?»

ግራ ቀኝ አዩ። ከእኛ በቀር ማንም የለም። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉት ጥቁር ብረትና የደበዘዘ የወርቅ ቀለም አበባ አየሁ።

«የስፌት መኪናዬን። ጭንቅላቷን ብቻ፤ እግሯ ቤት ነው። እህቴ ዘንድ ልደብቃት ነው። ቅዳሜ ሊወስዳት ይመጣል፤ ባዶ እግር ያገኛል። እግሯን ይውሰድና ይሂድበት!»

በቀልዳቸው ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የዚያን ብድር ውል የጻፍኩት እኔ ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት አንድ ትምህርት ቤት ለጋሽ ሜትር የደንብ ልብስ አዘዛቸው። ጨርቁን ለመግዛት ከባለ ወፍጮው አሥራ ሁለት ሺህ ተበደሩ፤ የስፌት መኪናቸውን አስያዙ። ወለዱ በወር ከመቶ አሥር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም፣ በቃል ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ልብሱን ተረክቦ የሂሳቡን ግማሽ ከፈለ፤ ግማሹን ዛሬ ነገ እያለ አስቀረው። እሳቸውም በየወሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ወለድ ይከፍላሉ፤ ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ጋሽ ሜትር ያላወቁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ከእሳቸው አራት ወር በኋላ፣ ያው ባለ ወፍጮ አንዲት ሴት አስከትሎ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ክሊኒክ የምታጸዳው የጋሽ ሜትር ባለቤት ነበረች። ኪራይ ተጠራቅሞባት፣ ባሏ ኪስ ውስጥ ምንም እንደሌለ ሸሚዙን ስታጥብ አይታ፣ ስምንት ሺህ ልትበደር ነው የመጣችው። መያዣውን ስጠይቃት «ቤት ያለችው የስፌት መኪና» አለች። እጄ ቆም አለ። ቀና ብዬ ባለ ወፍጮውን አየሁት፤ እሱም አየኝ። «ጻፍ እንጂ» አለኝ።

ጻፍኩ። የደንበኛ ምስጢር ነው፣ በእኔ ጠረጴዛ የተጻፈ ከእኔ አፍ አይወጣም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዛሬ ሳስበው ግማሹ ምስጢር ጠባቂነት አልነበረም፤ ዓይን አፋርነት ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እትዬ ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«ብድሩን። ቅዳሜ ሰውየው እንደሚመጣ።»

«አንተ ደግሞ! ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን እንኳ "የለኝም" ብያት አላውቅም። አሁን በሽምግልናዬ ላወርዳት ነው?»

«ግን እኮ የለዎትም።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

«ሲያዩህ አንገትህን የደፋህ ነህ፤ ምላስህ ግን መቀስ ነው። የለኝም፤ እሱማ የለኝም። ግን የወንድ ልጅ ዕዳ የራሱ ነው። ቤት ከገባ ቤቱን ይበላዋል። ውጭ ሲቀር እኔን ብቻ ነው የሚበላኝ።»

«ወለዱን ከምን አምጥተው ነው የሚከፍሉት?»

«ከሥራዬ ነዋ።»

«ለቤት ይሰጡት ከነበረው ገንዘብ ማለት ነው። ያን ጊዜ እትዬ ገበያ ላይ የሚያጎድሉት፣ ከሱቅ በዱቤ የሚወስዱት እሱን ነው። ዕዳው ቤት ከገባ ቆየ፤ ያልገባው ወሬው ብቻ ነው።»

ብርድ ልብሱን እንደገና አጥብቀው ጠቀለሉ።

«ከባለ ወፍጮው ሌላ የማን ዕዳ አለ?» አልኳቸው።

«የክርና የቁልፍ ነጋዴው ሦስት ሺህ አለው። የማእዘኗ ሱቅ አንድ ሺህ አራት መቶ። ኪራይ የዚህ ወር፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

«ገንዘብ እጅዎ ሲገባ በመጀመሪያ ለማን ነው የሚሰጡት?»

«በሬ ላይ ቆሞ ለሚጮኸው።»

«አከራይዎስ?»

«እሷ ጨዋ ሴት ናት፤ አትጮህም።»

«ስለዚህ ጨዋ በመሆኗ ትቀጣለች ማለት ነው? ከሁሉም በፊት መከፈል ያለበት የሚያድሩበት ቤት ነበር፤ እርስዎ ግን በየወሩ ጩኸት ነው የሚገዙት።»

«ጎረቤት ይሰማላ፣ ልጄ! ፊቴን የት አስገባዋለሁ?»

አንባቢ ሆይ፣ በእኚህ ሰው አትፍረድ። ዕዳ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሂሳብ አቅቶት አይደለም የሚሳሳተው። የአንድ ጃኬት ጨርቅ ሲቆርጡ ስንዝር የማያባክኑ ሰው፣ ገንዘባቸው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን የሚመራው እፍረት ነበር። እፍረት ደግሞ ወረቀት ላይ መጻፍ አይወድም፤ ተደብቆ መክፈልና ተደብቆ መበደር ነው የሚያውቀው።

«ይስሙኝ ጋሼ፤ ውሉ መኪናዋ ከቤት አትወጣም ይላል። ከጠፋች ክስ ነው የሚከተለው።»

«ይክሰሰኝ! እስር ቤትም ልብስ ይቀደዳል፤ ሰፊ አያጡም።»

«የሚከሰሱት እርስዎ ብቻ ቢሆኑ…»

«ሌላ ማን አለ?»

የቆርቆሮው ጣሪያ ጩኸት ጋብ ብሏል። ደግሜ ዝም ልል ነበር። እንዴት ቀላል እንደሆነ አስታውሳለሁ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ «ደህና ይሁኑ» ብዬ መሄድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ከመደበቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ለእትዬ ይንገሯቸው» አልኩ። «አብሬዎት እመጣለሁ። እሳቸው ሰምተው ደብቃት ካሉ፣ እኔ ራሴ ተሸክሜ እህትዎ ቤት አደርሳታለሁ።»

ጥቅሉን ከደረታቸው አላቀቁ። ከዚያ መኪናዋን እቅፌ ላይ ጣሏት።

«እንግዲያው ከአሁኑ ተሸከም። እጄ ዝሏል።»

ቤታቸው የአንድ ክፍል ቤት ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ወደ መንገዱ ያለው ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ። በሩ ተከፍቶ አገኘነው። ባለቤታቸው ከሥራ ገብታ፣ ሰማያዊ የጽዳት ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ባዶው የመኪና እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። መዳፏን መኪናዋ በነበረችበት ቦታ ላይ አሳርፋ ነበር። ባሏን በር ላይ ስታይ ብድግ አለች፤ እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ አላየችኝም።

«ወሰዳት!» አለች። «ቅዳሜ ብሎኝ ነበር እኮ! በሐሙስ መጥቶ ወሰዳት!»

«ማን?»

«ባለ ወፍጮው ነዋ! እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁህ። ስምንት ሺህ ተበድሬው መኪናህን አስይዤ… ለኪራይ። ያ ክሊኒኩ የትርፍ ሰዓት ከፈለኝ ያልኩህ… የምን ትርፍ ሰዓት! ኖሮም አያውቅ። ልግደልሽ ብትል እውነትህን ነው።»

ጋሽ ሜትር ከበሩ አልተነቃነቁም። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም?» አለች ባለቤታቸው። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የታቀፍኩትን ጥቅል፣ ከዚያ ባሏን አየች። «ምኑን ነው ሁለቱንም?»

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸው ሳያስቡት ሜትሩን ይዞ፣ እንደ መቁጠሪያ ቁጥር በቁጥር ይዳስሰዋል።

«ከስንት ወር ወዲህ?»

«ከአምስት።»

«አምስት ወር» አሉ። «አምስት ወር እኔም እሷም ለአንድ ሰው ወለድ ስንከፍል፣ ሠርክ አንድ ገበታ እየቀረብን።»

«እና ያ ደንበኛ?» አለች ሚስትየው በቀጭን ድምፅ። «ጠቀም ያለ ቀብድ ሰጠኝ ያልከኝ?»

«ደንበኛው ባለ ወፍጮው ነበር።»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ ወጣ። «አዬ፣ እኔና አንተ! ያን ቀን እኮ ደስ ብሎኝ ለፈጣሪ ምስጋና አቅርቤያለሁ!»

መኪናዋን እግሯ ላይ አስቀመጥኳት። ወረቀት አወጣሁና ሦስታችንም ዙሪያዋን ተቀመጥን። ያለውን ዕዳ በሙሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ በአንድ ገጽ ጻፍነው። ጋሽ ሜትር ሁለት ጊዜ «ይቺን እንኳ ተዋት» አሉ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለቤታቸው «ጻፋት» አለችኝ። ድምሩ ሃያ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆነ። ቀጥሎ እስከዚያ ቀን የከፈሉትን ወለድ ደመርኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ አሥራ አምስት ሺህ።

«በዚህ እኮ ይቺን መኪና ልንገዛ ምንም አልቀረንም ነበር» አለች።

«የራሳችንን መኪና» አሉ ባሏ፣ ብረቷን እየዳሰሱ።

«እትዬ፣ እንደብቃት ነው የሚሉት ጋሼ። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«አንደብቃትም» አለች። «ባለ ወፍጮው በአሥር ሺህ ነው የሚገምታት። ገበያ ላይ አሥራ ስምንት ታወጣለች። እኛው እንሽጣት።»

ጋሽ ሜትር ቀና አሉ። አይሆንም የሚሉ መስሎኝ ነበር። «አዎን» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ ዓመት ስለካ ኖሬ፣ የራሴን ልክ የነገረኝ ሰው ዛሬ ነው ያገኘሁት። ነገ ባለ ወፍጮው ዘንድ አብረን እንሂድ፤ አለኝ እያልኩ ጉራ ስጀምር አቋርጪኝ።»

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ወፍጮ ቤት ሄድን። ዱቄት የሸፈነው በር ላይ ቆመው ጋሽ ሜትር «የለኝም» አሉ፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው መሆኑን ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ባለቤታቸው ሐሳቡን አስረዳች፦ መኪናዋን ሸጠው አሥራ ስምንቱን ሺህ በአንድ ጊዜ ሊሰጡት፣ ቀሪውን ሁለት ሺህ ያለ ወለድ በየወሩ ሊከፍሉ። ሰውየው ሳቀ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት።

«ሁለተኛውን ውል ሲያጽፉኝ መኪናዋ ቀድማ መያዟን ያውቁ ነበር። ወለዱም ወረቀት ላይ የለም። ዳኛ ቢጠይቀኝ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ወዲያ ከእኔ አንዲት ሳንቲም አታይም!» አለኝ። ግን ተስማማ።

መኪናዋን አንዲት ከሩቅ የመጣች ሰፊ ገዛቻት። ጭንቅላቷን ብቻ ወሰደች፤ የራሷ የመኪና እግር ነበራት። ጋሽ ሜትር ዘይት ቀብተው፣ ክር አስገብተው፣ አንድ መስመር ሰፍተው አስረከቧት። ዛሬ የሰው ሱቅ ውስጥ በሰው መኪና በደመወዝ ይሠራሉ። በፊት በየወሩ ለወለድ ብቻ ሁለት ሺህ ይወጣ ከነበረው ቤት፣ ለቀረው ዕዳ ሁሉ በወር ዘጠኝ መቶ ያህል እየወጣ ዕዳው በአሥር ወር አለቀ። ኪራዩ ከሁሉም ይቀድማል። ለክር ነጋዴውና ለባለ ሱቋ ከመጮኻቸው በፊት ሄደው የሚከፍሉበትን ቀን ነገሯቸው፤ ሁለቱም «እሺ» አሉ። አዲስ ብድር ለአሮጌ ዕዳ አልተወሰደም። ወር በገባ ቁጥር ባልና ሚስቱ ባዶው የመኪና እግር ላይ ሳንቃ አጋድመው፣ ያለውንና የሌለውን አንድ ላይ ያያሉ። ሚስትየው ዕንቅልፍ አገኘሁ ትለኛለች።

መኪናዋ ግን አልተመለሰችም። በአምስተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ ስምንቱ ሺህ ባልተጨመረ፣ መኪናዋም ባልተሸጠች ነበር። ይህን ሂሳብ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው።

አሁን ብድር ሊያጽፍ ጠረጴዛዬ ፊት የሚቆምን ሰው፣ ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት «ቤትዎ ያውቃል ወይ?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ምን አገባህ ብሎኝ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል፤ ገቢዬም ቀንሷል። አንዳንዱ ግን ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ሜትር ቤት ምሳ ተጋበዝኩ። የምንበላው በዚያችው ሳንቃ ላይ ነበር። እየተጫወትን፣ እየሳቅን፣ ከሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝና ዝቅ ብዬ አየሁ። የሽማግሌው እግር ነው። ከላይ ምንም የሌለበትን የብረት መርገጫ፣ ሳያውቁት፣ ቀስ እያሉ ይረግጡታል።