ማሞቂያውን የከፈትኩት ለማቀዝቀዝ ነው

የቃል ሰጪ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው፤ በመሥሪያ ቤቱ «ቀስ በል» እየተባለ የሚጠራ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የቀለም ፋብሪካ የሠራተኞች ሰርቪስ ሾፌር
አድራሻ፦ ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ ካሉት ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች ስድስተኛው
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ከረፋዱ 5፡10 ሰዓት ጀምሮ

እኔ ቃል ሰጪው አሥራ አንድ ሠራተኞችን ያለፈቃዳቸው ከሥራ ቦታቸው አሳልፌ በመውሰድና በመኪና ውስጥ በሙቀት በማሠቃየት መጠርጠሬ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናገራለሁ።

የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በሆስፒታል ማሽን ይታጠባል። ተራዋ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ሲሆን፣ ሩብ ሰዓት ካረፈደች ማሽኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባለፈው ሰኞ ይኸው ሰርቪስ ዳገቱ ላይ ስለፈላብኝ ተራዋ አለፈ። እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት ሁለት ቀን ከረመች። ሐኪሙ «ረቡዕንም ከሳተች ተስፋ አልሰጥህም» ብለውኛል። በታክሲ እንዳልወስዳት ሰልፍ መቆም አትችልም።

ማክሰኞ ጠዋት ለጋራዥ ኃላፊው የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ሲፋጅ የታችኛው ቀዝቃዛ መሆኑን፣ ይህም ቴርሞስታቱ ተዘግቶ መቅረቱን እንደሚያሳይ ነገርኩት። መርማሪው ስለጠየቁኝ፣ ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ፣ ከእንቁላል የማይበልጥ በር ነው። ኃላፊው «አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንክብኝ? ውሃ ጨምርበትና ንዳ!» አለኝ። በጥገና ቅጹ ላይ «ቴርሞስታት ታይቷል» ተብሎ ተጽፏል። ቴርሞስታት ሳይፈታ የሚታይ ዕቃ አይደለም። አልተፈታም።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡35 ሰዓት ባለቤቴን አንስቼ ከኋላዬ ባለው ወንበር አስቀመጥኳት። ቤተሰብ በሰርቪስ መጫን ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ስለተጠጋ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ይህን መርማሪው ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል። ማሞቂያውን የከፈትኩት ለማቀዝቀዝ ነው። የሞተሩ ሙቀት በራዲያተሩ በኩል መውጫ ስላጣ፣ በማሞቂያው አድርጌ ወደ ሰዎቹ አስተነፈስኩት። ጌጁ አንድ ጣት ያህል ወረደ። የወረደው ሁሉ ወደ ሠራተኞቹ ሄደ። ከመስኮቶቹ የሚከፈቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ «ኧረ በፈጠረህ! እንደ ድንች ቀቀልከን እኮ!» አሉ። የመጋዘን ሠራተኛው ከኋላ «ተዉት እትዬ፣ ቀስ በል አይደል? ቀስ አድርጎ ነው የሚያበስለን» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ባለቤቴ ብቻ ሹራቧን እንደለበሰች «ዛሬ ገና ሞቀኝ» አለችኝ። ከታመመች ጀምሮ ሁልጊዜ ይበርዳታል።

ከጠዋቱ 2፡28 ሰዓት ፋብሪካው በር ደረስን። ጥበቃው አግዳሚውን አንስቶ ጠበቀን። አልቆምኩም። መኪናው ሲሄድ ንፋስ ያገኘዋል፤ ከቆመ ይፈላል፤ ከፈላ እንደ ሰኞው አንድ ሰዓት ሳይበርድ አይነሳም። ለምን ሰዎቹን አላስፈቀድክም ለተባልኩት፣ እምቢ ቢሉኝም ስለማልቆም ነው።

«አውርደን!» እያሉ በሩን ደበደቡ። ከሠራተኞቹ አንዲቷን ልጅ አስመለሳት። ኃላፊዋ ትከሻዬን ጨምድደው «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች አሉኝ!» አሉ። «እትዬ፣ እኔ ያለችኝ እሷ ናት» አልኳቸው። ዞረው አዩዋት። ትከሻዬን አልለቀቁም፤ መጮኽ ግን ተዉ።

2፡50 ሲሆን ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩ ጭስ ለቆ፣ ነክሶ ቀጥ አለ። ባለቤቴ መራመድ ስላቃታት የመጋዘን ሠራተኛው አዝሏት ሮጠ። ኃላፊዋ በአንድ እጃቸው ቦርሳዋን ይዘው እየተከተሉ በሌላው ለፖሊስ ይደውሉ ነበር። ነርሷ ማሽኑ ላይ ስታስተኛት 3፡06 ሰዓት ነበር። እኔ 3፡20 ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ተያዝኩ።

ሞተሩን ማቃጠሌንና ሰዎቹን አሳልፌ መውሰዴን አምናለሁ። ትጸጸታለህ ወይ ለተባልኩት፣ ስላስመለሳት ልጅ እጸጸታለሁ። በሌላው አልጸጸትም።

የምጨምረው ካለ ተጠየቅሁ። ቀጣዩ ተራዋ ዓርብ ነው። ሰርቪሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገትሯል፤ መንጃ ፈቃዴ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔም እዚሁ ነኝ። «ዓርብ በሦስት ሰዓት ማን ያደርሳታል?» ብዬ ጠየቅሁ። መርማሪው ይህ በቃል ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም አሉኝ። ይጻፍልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ተጽፏል።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የጠየቅሁት ግን መልስ ሳያገኝ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________

ያበቃበት ሰዓት፦ 6፡40