በሕይወቷ ድንኳን የተተከለላት ሐመልማል

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ ጸሎታችሁን አድርሳችሁ ለእኔ ለጨርቅ ሻጯም ቃል ስለፈቀዳችሁልኝ ፈጣሪ ያክብርልኝ። የተከበራችሁ ሼኾቻችን፣ ከመስጊድ ወጥታችሁ ቤታችሁ ሳትደርሱ ለሐመልማል ቀብር እዚህ የተገኛችሁ። የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ዳቢሴ። ከጎባ የመጣችሁ፣ ከሪራ ድረስ ጭቃውን ረግጣችሁ የመጣችሁ። ልጇ ኤደን፣ ወንድሟ ኃይለልዑል፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ሁላችሁንም ያጽናችሁ።

ሰሚያ እባላለሁ። ሮቤ ገበያ ውስጥ ከሐመልማል ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነን። እሷ የኮምባይነር መለዋወጫ ትሸጣለች፣ እኔ ጨርቅ። የእሷ ደንበኛ ግራሶ የነካ እጁን የሚጠርገው በማን ጨርቅ ነው? በእኔ! በዚህ ስንጣላ ኖርን። ዛሬ የሚያጣላኝ ጎረቤት የለኝም።

እንባዬን ትናንት አፍስሻለሁ። ዛሬ የቆምኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ሶረቲ፣ የት ነሽ? አታጎንብሺ፣ ቀና በይ። የሰው ሕመም አደባባይ የማወጣ ሴት አይደለሁም። ግን አንቺው ነሽ ትናንት ለቅሶ ቤት ሁላችን ፊት፣ “የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ልጀምር ነበር፤ አሁን ግን አልሄድም። ሐመልማል ታክማ ምን አተረፈች? ይኸው ሞተች” ያልሽው። የአዲስ አበባው መኪና ነገ ጠዋት ይነሳል። ሳይነሳ ልድረስብሽ ብዬ ነው።

ሐመልማል ምን አተረፈች? ልንገርሽ!

ስድስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ሐመልማል ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ጎባ ሆስፒታል ታየች፣ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ጀመረች። ሰፈሩ ምን ያውቃል? ምንም! “ጨጓራዋን ነው” አልን። “ብርድ መቷት ነው” አልን። የበሽታውን ስም ማን ይጥራ? ስሙን ከጠራነው ቤታችን የሚመጣ ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ኃይለልዑል ከአዲስ አበባ ደወለ። ኃይሌ፣ አትሳቅ፣ አንተን ነው የማማው! ምን አለ? “ሐመልማል ትንሽ አሟታል፣ ነገ ይዣት እመጣለሁ፣ ቤቱን አዘጋጁ።” እንግዲህ ጉባኤው ይፍረደኝ! በእኛ አገር መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሞተች ይባላል? አይባልም! “ትንሽ አሟታል” ነው የሚባለው። እኛም የገባን ገባን። ኦቦ ዳቢሴ ጡሩምባ አስነፉ። ድንኳን ተተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ። እኔ ራሴ ከሱቄ ጥቁር ጨርቅ እየቆረጥኩ አደልኩ።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ለቅሶው ቀለጠ። ደረታችንን እየደቃን ወጣን። ሁላችን የምናየው የኋላውን በር ነው፤ ሳጥን እንጠብቃለን። የፊቱ በር ተከፈተ። ሐመልማል ወረደች! በእግሯ! ራሷ ላይ ሻሽ፣ በእጇ ግማሹ የተበላ ሙዝ። ድንኳኑን አየች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና፣ “ውይ! ማን ሞተብን?” ብላ ለቅሶ ጀመረች።

“ኧረ ማነው? ንገሩኝ እንጂ!” ስትል ኦቦ ዳቢሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ሐመልማል ልጄ... እንግዲህ ምን ይደረግ... አንቺ ነሽ” አሏት።

አሳሳቋን ታስታውሳላችሁ? በኮምባይነር ጩኸት ላይ የሚሰማ ድምፅ ነበራት እኮ! መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወንዶቹ በሐፍረት ገመድ ሲፈቱ አየቻቸው። “ተዉት! ድንኳኑ አይፈርስም! ንፍሮውም ይቅረብ፣ ርቦኛል። ቁጭ በሉ!” ቁጭ አልን። በገዛ ለቅሶዋ መሀል ቆማ ሻሿን ፈታች። ራሷ ላይ አንዲት ፀጉር የለም።

“ካንሰር ነው” አለች። “የጡት ካንሰር። ስሙን ጥሩት፣ አይናከስም!” ንፍሮ ዘገነችና ቀጠለች። “ለሬሳዬ ይህ ሁሉ ሰው ወጣ፤ ተባረኩ። በቁሜ ለሕክምና ስሄድ ግን መናኸሪያ ድረስ ማን ሸኘኝ? እዚያ ሲያስመልሰኝ ማን ውሃ አቀበለኝ? እድር ለሞተ ብቻ ነው እንዴ?”

እውነቷን አልነበረም? ንፍሮው ሳያልቅ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ የአስታማሚ ተራ ወጣ። ከእድራችን ለካንሰር ሕክምና የሚሄድ ሁሉ አብሮት የሚሄድ፣ አብሮት የሚያድር ሰው አለው። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ። ብቻውን የሚሄድ የለም! ይህ ትርፍ አይደለም ወይ ሶረቲ?

ያን ቀን እሷ ስትናገር የእኔ እጅ ሳላዘው ብብቴ ሥር ገባ። እዚያ አንድ ጠጣር ነገር ነበረ። ወላሂ፣ ለባሌም አልነገርኩም ነበር። በማግስቱ ሱቋ ሄድኩ። የኮምባይነር ቀበቶ እየለካች ነው። “ሐሙ፣ እኔም...” ከማለቴ ቀበቶውን ወርውራ ሱቁን ዘጋች። ያውም በአጨዳ ወቅት! ቀበቶውን የሚጠብቀው የኮምባይነር ነጂ፣ “አዴ፣ ስንዴው እየረገፈብን ነው እኮ!” ብሎ ቢለምናት፣ “ስንዴ ተመልሶ ይዘራል፣ ዞር በልልኝ!” አለችው። በዚያው ጎባ ወሰደችኝ።

ሶረቲ፣ አልዋሽሽም። ኬሞ ሠርግ ቤት አይደለም። ያስመልሳል። አፍ ይቆስላል፣ ውሃው ብረት ብረት ይላል። ፀጉሬ በማበጠሪያ ተነቅሎ ሲመጣ ጮህኩ። እሷ ምን አለች? “አንቺማ ታድለሽ! ሒጃብሽ ይሸፍንልሻል። መላጣዬን ለባሌ አገር ገበሬ ሁሉ ያስጎበኘሁት እኔ ነኝ!” እያለቀስኩ ሳቅሁ። መሀል ላይ “በቃኝ፣ ወደ ልጆቼ መልሱኝ” አልኩ። አልተቆጣችኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ “እሺ። የዛሬውን ውሰጂ፣ ለሚቀጥለው ያኔ እንጣላለን” አለችኝ። ለሚቀጥለውም እንደዚያው አለች። እንዲህ እያታለለች አስጨረሰችኝ! አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ!

እሷስ? ስድስት ዓመት ኖረች። እንዴት ያለ ስድስት ዓመት! ኤደንን አስመረቀች። ኤደንን ዳረች። በሠርጉ ስትጨፍር ታኮዋ ተሰብሮ በባዶ እግሯ አልጨፈረችም? ሙሽራው ደክሞት ሲቀመጥ እሷ አልተቀመጠችም! ሳትታከም ብትቀር ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?

አምና በሽታው ተመልሶ አጥንቷ ገባ። አልደብቅም፤ እሷ መደበቅ አትወድም። ሐኪሙ ሲነግራት አብሬያት ነበርኩ። ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አለቀሰች። አዎ፣ ሐመልማልም ታለቅስ ነበር! “ሰሚዬ፣ ፈራሁ” አለችኝ። እጇን ያዝኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ባለፈው ወር ማስታገሻዋን ልናመጣ ጎባ ሄድን። አንዲት ልጅ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሐመልማል መቆም እያቃታት እኔን ተደግፋ አጠገቧ ሄደች። “የማን ልጅ ነሽ? ማን አለሽ?” አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲያው እኔ አለሁሽ” አለቻት። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ ሶረቲ። የነገው አስታማሚሽ እኔ ነኝ ብላ ተራ የያዘችውም እሷ ነበረች። “ትድናለሽ” አላለችሽም። “እኔ አለሁሽ” ነው ያለችሽ። እኔም ከዚህ የበለጠ ቃል አልሰጥሽም። ግን ያንቺ በጊዜ ተገኝቷል፤ ሐኪሙ ተስፋ አለው። በሐዘን ተሸንፈሽ ይህን ዕድል አትጣይው!

እናንተስ ጎረቤቶቼ? የሐመልማል ተራ ባዶ ነው። ነገ ከሶረቲ ጋር ማን ይሄዳል? እስኪ እጅ!

ኦቦ ዳቢሴ፣ ኧረ እርስዎ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን ያስቡ! ምን አሉ? “በቁሟ ጡሩምባ አስነፍቼባታለሁ፣ ዛሬ ልካሳት”? እሺ፣ እሺ! ኃይሌ፣ አንተ ሐዘን ላይ ነህ፣ እጅህን አውርድ! ኮምባይነር ነጂዎቹ ደግሞ ሁላችሁም? ኧረ መኪናው አይበቃንም! በፈጣሪ፣ አንድ በአንድ በሉ!

ሶረቲ፣ አየሽ? ጃባዹ እህቴ፣ አይዞሽ። ምን አልሽ? አልተሰማኝም። ጮክ በይ፣ ለእነሱም ይሰማ።

ሰማችሁ? “ልብሴን እኮ አላሰናዳሁም” አለች! ልብስ? ልብስ ከእኔ ሱቅ! እልል በሉ እንጂ! መቃብር ላይ እልል አይባልም ያለው ማነው? ለሐመልማል ይባላል!

ሐሙዬ፣ አፈር ይብላኝልሽ፣ ሰምተሻል? ትሄዳለች። ነገ መናኸሪያው ይሞላል። እኛ ለሰው ሁሉ ተራ አውጥተን ሸኝተናል፤ አብረን ሄደናል፤ አብረን አድረናል። ለአንቺ የዛሬው መንገድ ግን ተራ አይወጣበትም። ብንለምንም አብሮሽ የሚገባ አይፈቀድም። እስከዚህች አፈር ድረስ ነው የቻልነው። ከዚህ ወዲያ ብቻሽን ነሽና ይቅር በይን።

ነጋቲ፣ እህቴ። በሰላም ግቢ።