የደምለው ቮልስ ለውድድር ስትሰናዳ

በእኛ ጊዜ እኮ እዚህ አገር የሚሮጠው ፈረስ ነበር። ፈረስ ይሸለማል፣ ይጋለባል፣ ስም ይወጣለታል። መኪና ግን ጭነት ይጭናል፣ ሰው ያደርሳል፣ ሲበላሽ መንገድ ዳር ይቆማል፤ በቃ። መኪና ከመኪና ሲሽቀዳደም አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንኳንስ እኔው ራሴ ውስጡ ተቀምጬ! አትሳቁ እንጂ፣ ገና ምኑ ተነገረና። አንቺ ያንን በርጩማ ሳቢና ጠጋ በይ፤ ከዚያ ሆነሽ አይሰማሽም።

ታዲያ ደምለው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ታውቁት የለ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰውዬው ዝም አለ። ጠዋት ይነሳል፣ ደጃፋችን ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያልፈውን ሚኒባስ ያያል፣ "ይሄ ደግሞ ማርሽ አያውቅም" ይላል፣ እና ዝም። "ደምለው፣ ምሳ ቀርቧል" ስለው "እሺ"። "ደምለው፣ ዝናቡ መጣ፣ ግባ" ስለው "እሺ"። እሺ ብቻ! እኔ ደግሞ የማይጨቃጨቅ ባል አልለመድኩም። ፈራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከገበያ እየተጣደፈ መጣ። በሩን ሳያልፍ ነው የሚጣራው።

"ይታይሽ! ኧረ ይታይሽ!"

"ምነው? ማን ሞተ?"

"እንጅባራ ላይ የአሮጌ መኪና ውድድር አለ! የከተማው ወጣቶች ናቸው ያሰቡት፤ ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ ላይ ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ይምጣ ተብሏል!"

"እና?"

"እናማ ተመዘገብኩ!"

"በምን መኪና?"

እጁን ወደ ጓሮ ዘረጋላችኋ!

ጓሮ ያለችው ያቺ ቮልስ ናት። ድሮ ልጆቹን ትምህርት ቤት እናደርስባት ነበር፤ ከቆመች ግን ስንት ክረምት አለፋት። የዶሮዎቼ ማደሪያ ናት። በዚያ ላይ ቀይዋ ዶሮዬ የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል ታቅፋለች።

"አይሆንም" አልኩት።

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"ዶሮዋ ታቅፋለች። እስክትፈለፍል ድረስ መኪናዋን አትነካትም።"

"ይታይሽ፣ ውድድሩ እኮ ደርሷል!"

"እሱን ለዶሮዋ ንገራት።"

እና መጨቃጨቅ ጀመርና! እሱ አንድ ይላል፣ እኔ ሁለት እላለሁ፣ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ፤ በሆዴ ግን "ተመስገን፣ ሰውዬዬ ተመለሰ" እላለሁ። በኋላ ምን አደረገ? ወንበሩን ከነዶሮዋ ነቀለው። አራስ እንደሚሸከም ሰው ቀስ፣ ቀስ እያለ ወስዶ ማድ ቤት ጥግ አኖረው፤ እሷም ንቅንቅ አላለች። "አየሽ፣ መኪናዋም ቀለለችልን" ብሎ ደግሞ ኮራ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ካርቡራቶር የሚባለውን ፈታታና በሰፌዴ ላይ አሰጣው። በሰፌዴ! ብሎኑን በሽሮ ድስቴ ቀቀለው፤ ዝገት ይለቃል አለ። "ድስቴን ምን አደረግኸው?" ስለው "ታጥቧል" ይላል። እኔ ግን ያን ሳምንት ሽሮው ሁሉ ብረት ብረት አለኝ።

ደግሞ አበጀን ጠራው። አበጀ ማለት ከእኛ በታች ባጃጅ የሚጠግነው ጎረቤታችን ነው። ሳቂታ፣ የሁለት ልጆች አባት። መጣና ከፊት ኮፈኑን ከፍቶ አጎንብሶ አየ፣ አየ፣ ከዚያ ቀና አለና፦

"ጋሼ፣ ሞተሩን ሰርቀዋችኋል!"

"ኋላ ነው ሞተሯ!" አለው ደምለው።

"ኋላ? ምን በድላ?"

በሳቅ ሞትን። ግን ጨዋታው ጨዋታ፣ ሥራው አልሆን አለ። ሞተሩ ሲነሳ ፍሬኑ የለም፤ ፍሬኑ ሲይዝ ሞተሩ አይነሳም። ካንዴላውን ያጸዳሉ፣ ባትሪው ይደክማል፤ ባትሪውን ያስሞላሉ፣ ጎማው ይተነፍሳል። ቤንዚን ደግሞ የለም። ደምለው ጀሪካኑን ይዞ ማደያ ሲሰለፍ ውሎ ባዶውን ይመለሳል፣ በማግስቱ ደግሞ ይሄዳል። የቀኝ በሯ አልዘጋ ብሎ በጠፍር አሠርነው። መጀመሪያ የተነሳች ቀንማ፣ ድው! ብላ በጭስ ማውጫዋ የዶሮ ላባ ተፋች። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። "ምን ፈነዳ?" "ኧረ ምንም፣ የደምለው መኪና ዶሮ በልታ ነው!" ደምለው ሲናደድ በአገውኛ ነው የሚሳደበው፤ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ ግማሹ አይገባኝም፣ ባይገባኝም ይሻላል።

ታዲያ ሁሉ ነገር አለቀ ተባለና የቀረው ፍሪሲዮን ብቻ ሆነ። ያው ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ነው። ገመዱ ተበጥሶ ስለነበር እስከዚያ ቀን ማንም አልሞከረውም። አበጀ አዲስ ገመድ ቀጠለለትና "በሉ ጋሼ፣ ይሞክሯት" አለው። ደምለውም ገባ፣ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ምንም የለም። ጠበቅን፣ ምንም የለም። ጠጋ ብዬ በመስኮቱ ባይ፣ ግራ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ይጫነዋል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"አመመህ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"አልታዘዝ አለኝ" አለ። "ያቺን ሁሉ ተሳቢ ስጎትት የኖርኩበት እግር፣ ይቺን ምናምን መርገጥ አቃተው።"

አያችሁ ልጆቼ፣ ያን ቀን ፊቱን ባታዩት ይሻላል። ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ሊቀመጥ ነው አልኩ በልቤ።

"አበጀ፣ አንተ ንዳት በቃ" አለው፣ ቀና ብሎም ሳያየው።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሰው እፈጃለሁ! እኔ የለመድኩት ባጃጅ ነው። በባጃጅ ፍሪሲዮኑ በእጅ ነው የሚያዘው።"

"በእጅ?" አልኩ እኔ።

"አዎ እትዬ፣ በእጅ።"

"ታዲያ ይቺንም በእጅ አድርግላት!"

አበጀ ሳቀብኝ። "በየትኛው እጃቸው? አንዱ መሪ፣ አንዱ ማርሽ ይዟል።"

"በእኔ እጅ ነዋ!"

ደምለው ቀና አለ። "አንቺ ከጎኔ ልትቀመጪ?" አለኝ። "የት ልቀመጥ ታዲያ፣ ኮፈኑ ላይ?" አልኩታ።

አበጀም ብረት በያጁ ጋ ወሰዳትና ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ረጅም ዘንግ አስበየደላት። ዘንጉ በደምለው እግር ሥር አልፎ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ወደፊት ስገፋው ይረገጣል፣ ስመልሰው ይለቃል። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩታ!

በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከሰፈራችን ወጣ ብለን ተለማመድን። "ግፊ!" ይላል፣ እገፋለሁ። "ልቀቂ!" እለቃለሁ፤ እና መኪናዋ እንደ ሙክት ትዘልና ሞተሯ ይጠፋል። "ቀስ ብለሽ ልቀቂ እንጂ!" "ቀስ በይ አላልከኝም!" "ይሄ ይነገራል?" "ታዲያ በምን ልወቀው?" በትዳራችን እንደዚያን ሰሞን ተጨቃጭቀን አናውቅም። ልጄ በስልክ ሰምታ "እማዬ፣ አብደሻል እንዴ?" ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እኔም መልሼ አልደወልኩም።

በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሞተሩ ሲጮህ የእሱ ድምፅ አይሰማኝም፤ የሞተሩ ግን ይሰማኛል። ድምፁ ሲቀጥን፣ ሲጨነቅ፣ ማርሽ ሊቀየር ነው ማለት ነው። ስለዚህ እሱን ማዳመጥ ትቼ ሞተሩን አዳመጥኩ። ሲጨነቅ እገፋለሁ፣ እሱ ማርሹን ያስገባል፣ እኔ ቀስ አድርጌ እለቃለሁ። መኪናዋ ውኃ ላይ እንደምትሄድ ሆነች። ደምለው ዘወር ብሎ አየኝ። "ማን ነገረሽ?" አለኝ። "እሷ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ "ግፊ" አላለኝም።

የውድድሩ ዕለት አንድ የድሮ ባልደረባው ድንች የሚጭንበትን መኪና አመጣና ቮልሷን ጭነን እንጅባራ ገባን። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ፈረሰኞቹ ሳይቀሩ በዳር በዳር ቆመዋል። የሚወዳደሩት አራት መኪኖች ናቸው። እኔ በሻሼ ላይ የሞተር ሳይክል ቆብ ደፍቼ ስገባ፣ አንድ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ዳኛ እየሮጠ መጣ።

"እማማ፣ ይውረዱ! ሕጉ አንድ መኪና አንድ ሹፌር ነው የሚለው።"

"ሹፌሩ እሱ ነው" አልኩት።

"እርስዎስ?"

"እኔ ፍሪሲዮኑ ነኝ።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ፣ ደምለውን አየ። "ፍሪሲዮን ከመኪና አይወርድም" አለው ደምለው፣ ኮስተር ብሎ። ሰዉ ሳቀ፣ ዳኛውም ሳቀ፣ "በሉ እሺ" ብሎ ሄደ።

ፊሽካው ተነፋ። ሦስት ዙር ነው። ጭቃው ይረጫል፣ በሩ በጠፍሩ ይንገላታል፣ ፈረሶቹ ይደነብራሉ፣ እኔ ሞተሩን ብቻ ነው የምሰማው። እገፋለሁ፣ እለቃለሁ። አንዷ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ስትቀር በጎኗ አለፍናት። "ይታይሽ! አለፍናት!" ብሎ ጮኸ፣ የልጅ ድምፅ ነው ያወጣው። ሁለቱ ግን ቀድመውን ገቡ። እኛም ተከትለን መስመሩን አለፍን። አለፍንና ግን አልቆምንም። ሰዉ ይጮሃል፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፣ "ፍሬን የላቸውም! ሽሹ!" ይባላል።

"ደምለው፣ ፍሬኑ እንቢ አለ?"

"ኧረ ደህና ነው!"

"ታዲያ ለምን አታቆምም?"

"ምን ያስቸኩለናል?" አለኛ! ይሄ "እሺ" ብቻ ሲለኝ የነበረ ሰው! ይስቃል፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል፣ ፊቱ ጭቃ በጭቃ ነው። እኔም ተውኩት። ሞተሩ ሲጨነቅ ገፋሁለት፣ እሱም ማርሹን አስገባ። ሁለት ዙር ጨመርን፣ ቤንዚኑ አልቆ ራሷ እስክትቆም ድረስ።

"ታዲያ እትዬ፣ ስንተኛ ወጣችሁ?" አለችኝ ያቺ በርጩማ ስባ የተጠጋችው።

"ከአራት ሦስተኛ። በዙር ብዛት ከሆነ ግን የደረሰብን የለም!"