ካሜራው እስኪታደስ በር ያዝኩ
የልጅ ልጄ ቡሬ ላይ ስትዳር፣ የሙሽራው ሚዜዎች ደጃፍ ደርሰው እየጨፈሩ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ታቅፎ ተቀምጧል። "ተነሳ እንጂ!" አልኩት። "አባባ፣ አይንኩብኝ! ሶፍትዌሩን እያደስኩት ነው። ሲያልቅ በሰከንድ ሃምሳ ምስል ስለሚያነሳ እስክስታው ቀስ ብሎ ይታያል። አሁን ከተቋረጠ ግን ካሜራው ሞተ!" ሙሽሪትም ከጓዳ "ሳልቀረጽ አልወጣም!" አለች።

ሰርገኛን በር ላይ ማገድ የሴቶቹ ጨዋታ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ዘፈን ነው። እኔ ግን የሙሽራው ጢም እስኪያድግ አገድኩ። "አባታችን፣ ያሳልፉን እንጂ!" አለ አንደኛ ሚዜው። ዞሬ "ስንት ደረሰ?" አልኩ። "ዘጠና በመቶ!" አለ ቀራጩ። "ገና ነው፣ ዝፈኑ!" አልኳቸው። ቀራጩ "አለቀ!" ሲልና ሚዜዎቹ በሩን ሲገፉት አንድ ሆነ። የታደሰው ካሜራ መጀመሪያ የቀረጸው የኔን መውደቅ ነው፤ በዝግታ ሲታይ ከሰርጉ ይረዝማል። ገበያ ስወጣ ቪዲዮውን ያዩት ሁሉ "አባባ፣ መሬት ደረሱ?" ይሉኛል።