ከደረቁ አገር የመጣ በቆሎ

በመሬት ቅየሳ ሥራ ወደ ድንበር ወርጄ ስመለስ ጎርፍ ድልድዩን ሸፈነውና አውቶቡሳችን ከጉምሩኩ ኬላ አጠገብ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተጠለለ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተቀምጠው ነበር። እሳቸው የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ልጅቷ የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ጎረቤት አገሮች ሕዝባቸውን እንዴት እንደሚመግቡ በሚያጠና መሥሪያ ቤት ትሠራለች።

ከሰላምታ በኋላ ጨዋታ ያዝን። ማኅበሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ የጋራ የእህል መጋዘን ይሠራ አይሠራ የሚለውን ሊቆርጥ ኖሯል። የሽማግሌው ቃል ወዳዘነበለበት ጉባኤውም ያዘነብላል፤ እሳቸው ደግሞ «አይሠራም» ሊሉ ነው የሚሄዱት።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሏት፣ «መሥሪያ ቤትሽ የምሥራቁን ጎረቤታችንን ከኛ በላይ አስቀመጠው አሉ። ያ አገር እኮ አሸዋ ነው! እኛ ዱላ ብንተክል ይበቅልልናል። እናንተ የተማራችሁ ሆድንም በመቶኛ መለካት ጀመራችሁ?»

ልጅቷ ሳቀች። «በምርትማ እንበልጣቸዋለን፣ አጎቴ፤ በሱ የሚከራከርዎት የለም። የምግብ ዋስትና ግን አዝመራ ብቻ አይደለም። አዲሱ እህል ከመድረሱ በፊት ባሉት ወራት ድሃው ምን ይበላል? ገበያ ላይ ቢኖርስ መግዛት ይችላል? ልጁስ ወተት፣ ጎመን፣ እንቁላል ያገኛል? ይኼን ሁሉ አይተን ነው የምናወዳድረው።»

«እና በዚህ አሸዋው በለጠን?»

«በአንዳንዱ በለጠን፣ በአንዳንዱ በለጥነው። የደቡቡ ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ነው። ሐይቁ ዓሣ ስለሚሰጠው ሕፃናቱ ፋፍተዋል፤ ግን አንድ ዓይነት እህል ብቻ ስለሚዘራ፣ ተባይ የገባ ዓመት እጁን ለልመና ይዘረጋል። የእኛው ሕመም ማቆየት አለመቻል ነው። ያልሸጥነውን ነቀዝ ይበላዋል፣ የሸጥነውን በውድ እንገዛዋለን።»

«ነቀዝ ድሮም ነበረ። እኔን የሚያስፈራኝ ሰው ነው። የጋራ ጎተራ የጋራ ሌባ ያፈራል። ቁልፉን ማን ሊይዝ ነው?»

ይህ የግትር ሽማግሌ ጥያቄ እንዳልነበረ መመስከር አለብኝ። ብዙኃኑ ያዋጣውን ጥቂቶች ሲበሉት ሳያይ ከእሳቸው ዕድሜ የደረሰ ሰው አላውቅም። ልጅቷም አላቃለለችባቸውም።

«ልክ ነዎት፣» አለች። «በሩ ሦስት ቁልፍ ይኑረው። አንዱን ሴቶቹ፣ አንዱን ወጣቶቹ፣ አንዱን ሽማግሌዎቹ ይያዙት። ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም።»

«ሦስቱ ሌቦች ቢስማሙስ?»

«እርስዎ እያሉ? እሱን እንኳ አልሰጋም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከድንበሩ ማዶ፣ ከምሥራቁ አገር፣ ከባድ መኪኖች መጥተው ኬላው ላይ ተሰለፉ። አንዱ ሹፌር ሸራውን ሲገልጥ የተደረደሩ ጆንያዎች ታዩ። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

«ምን ጭነሃል፣ ልጄ?»

«በቆሎ ነው፣ አባቴ። ወደናንተ ገበያ ነው።»

«በዚያ አሸዋ ላይ ከየት አበቀላችሁት?»

ሹፌሩ ሳቀ። «እኛ ምን መሬት አለንና! የናንተው ነው። አዝመራ ላይ ከዚሁ ጭነን ወስደን፣ አድርቀን አስቀመጥነው። አሁን ገበያችሁ ሲደርቅ አመጣነው።»

ሽማግሌው ጥቂት ፍሬ ዘግነው አንዱን ነከሱት። ቀጭ አለ። በዚህ ወር በቤታቸው ያለው በቆሎ ሲጨብጡት ዱቄት እንደሚሆን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከገበያ የገዛችው ይኼንኑ ነው፣» አሉ በዝግታ። «ጥሩ እህል ነው ብዬ አመሰገንኩት። የገዛ ላቤን መልሼ ገዝቼዋለሁ ለካ!»

«እነሱ አልበደሉንም፣ አጎቴ፣» አለች ልጅቷ። «መሬት የነፈጋቸውን በጥንቃቄ ካሱት። እኛ መሬቱ አለን፤ የጎደለን ጥንቃቄው ነው።»

ሽማግሌው የቀረውን ፍሬ ኪሳቸው ከተቱት። ጎርፉ ሲጎድል ድልድዩን ተሻገርን።

መንገዴ በዚያው ስለነበረ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። ገና ከመጀመሩ፣ የልጅቷ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የሰማ አንድ ጎልማሳ ከኋላ ብድግ ብሎ፣ «ከአሸዋ አገር ምን ልንማር? የሰው ወርቅ አያደምቅ!» ሲል ብዙዎች አጨበጨቡ።

ሽማግሌው ተነሡ። «ዛሬ ጠዋት እኔም እንዲሁ እል ነበር፣» አሉ። «ወርቁ ግን የሰው አይደለም፣ የራሳችን ነው፤ ሰው አስቀምጦ ያደምቅበታል። ማብቀል እናውቃለን፣ ማቆየት አናውቅም። አለማወቅ አያሳፍርም፤ አይቶ እንዳላየ መሆን ግን ያሳፍራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን መጋዘኑ አሁኑኑ ይሠራ። ቁልፉ ሦስት ይሁን፤ ሊቀ መንበር ግን አንዱንም አይያዝ። እኔን ጨምሮ!»

ጉባኤው ሳቀና እጁን አወጣ።

መጋዘኑ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እህሉ ደርቆ እንዲገባበት ሆኖ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አዝመራ ላይ በርካሽ ለመሸጥ የሚጣደፍ የለም። በችግር ወራትም እናቶች ለእህል መግዣ ዶሮዎቻቸውን መሸጥ ስላቆሙ ልጆቹ እንቁላል ይበላሉ። ይህን ያመጣው አዲስ መሬት ወይም የተለየ ዝናብ አይደለም። ራስን ከጎረቤት ጋር ማወዳደር ለፉክክር ሲሆን ያስኮርፋል፤ ለትምህርት ሲሆን ግን ያጠግባል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለቅየሳ ወደዚያው ስመለስ ሽማግሌውን እርሻቸው ላይ አገኘኋቸውና ኑሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና፣

«ዝናቡ ዘንድሮ ከፋብን፣» አሉኝ። «ቀዬውን ለቆ የሄደ ግን የለም።»