ሁለት ጊዜ የቆጠርኳቸው ሯጮች

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር የስፖርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ አሻግሬ፣ ከጋዝጊብላና ከሰሃላ በእግር የመጣችሁ የስፖርት መምህራን፤ ለአንድ ጡረተኛ ብላችሁ ይህን ያህል መድከማችሁ አሳፍሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በ1984 ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ። በአገራችሁ ቋንቋ በኽምጣኛ ግን ዛሬም ከሰላምታ አላለፍኩም፤ የጋዝጊብላዋ መምህርት የሻሽወርቅ ምስክሬ ናት፣ አፌን ስከፍት ትስቃለች።

ውለታችሁን ልቁጠር ብል ይመሻል። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥፋቴ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት «ሞቃት አገር ወርዶ መለማመድ የሯጭን ትንፋሽ ያበረታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። አምስት መምህራን ሯጮቻቸውን ወደ ሰሃላ ቆላ አውርደው የጻፉትን ሪፖርት ሰብስቤ ደመርኩት። ብዙ ትንንሽ ጥናት ሲደመር አንድ ትልቅ እውነት ይወጣል ብዬ ነበር። ወጣም፤ «እጅግ ያበረታል» የሚል።

ምን አድርጌ መሰላችሁ? በአንዱ ሪፖርት ደግሰው የሚባል ሯጭ አለ፣ በሌላው ወልደ ጻድቅ። ሁለቱም በጣም ፈጥነዋል። ባለፈው ጥር ሜዳ ላይ «ደግሰው» ብዬ ስጣራ፣ አንዱ መምህር «ወልደ ጻድቅ ነው እንጂ» አለኝ። ሯጩ ራሱ ገላገለን።

«ጋሼ ይስማው፣ አንዱ የቤት ስሜ ነው፤ አንዱ የክርስትና።»

ለካ አንዱን ቡድን ሁለት መምህራን ጽፈውት ኖሯል። አንደኛው ዲያቆን ነውና ልጆቹን የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው። አሥራ አንዱን ሯጭ ሃያ ሁለት አድርጌ ቆጠርኩ። እኔም እኮ ባለ ሁለት ስም ነኝ፤ እንዴት አልጠረጠርኩም?

ደንግጬ ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። ሙቀቱ ከብዷቸው ያቋረጡ ዘጠኝ ልጆች አሉ፤ ሁለቱ ራሳቸውን ስተው የወደቁ ናቸው። ድምሩ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። የቀሩትን ብርቱዎች ብቻ ለክቼ «ሙቀት አበረታቸው» አልኩ። ደካማው ከሄደ በኋላ የቀረው ጠንካራ ቢሆን ምን ይገርማል?

የባሰው ደግሞ ይኸው። የሻሽወርቅ ስድስተኛ ሪፖርት ይዛ መጥታ ነበር። ከስምንት ሯጮቿ አራቱን ቆላ አወረደች፤ አራቱን እዚያው ጋዝጊብላ ደጋ ላይ አሠለጠነች። ሁለቱም ወገን እኩል ፈጠነ።

«ልምምዱ ነው እንጂ ሙቀቱ አይመስለኝም፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ስምንት ልጅ ደግሞ ምን ጥናት ነው?» አልኳት፣ በስብሰባ መሐል።

«ስምንትም ቢሆኑ ሰው ናቸው» አለችና ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች።

ማነጻጸሪያ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ግን የሚስማማኝን ሰብስቤ የማይስማማኝን ጣልኩ። ሙቀት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ ስምንት ልጅ ያንንም አያስረዳም። አላውቅም ነው የምለው። ያኔም አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

ሰኞ አሥራ ሁለት አዲስ ልጆች ወደ ሰሃላ ይወርዳሉ። በማን ቃል? በእኔ ቃል። አቶ አሻግሬ፣ ትናንት ይህን ስነግርዎ «ዝም ብለህ በክብር ጡረታ ብትወጣ ምን አለበት?» አሉኝ። ለእኔ አዝነው መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንዱ ልጅ ቢወድቅ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ልስማ?

ስለዚህ ሪፖርቴን የሚሽር ደብዳቤ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። የሻሽወርቅ፣ ልጄ፣ በሰው ፊት አሳንሼሻለሁና በሰው ፊት ይቅር በይኝ።

የአውቶቡስ ትኬቴንም ወደ ማክሰኞ ቀይሬዋለሁ። ሰኞ ማለዳ ልጆቹን የሚጭነው መኪና በር ላይ ታገኙኛላችሁ፤ የእነሱ ጉዞ ካልቀረ እኔም ወደ ደብረ ማርቆስ አልሄድም።

እስከዚያው ልመርቃችሁ። ቤታችሁን ይባርክ፣ ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ ልጆቻችሁን ከክፉ ሙቀትም ከእኔ ዓይነቱ ችኩል ድምርም ይጠብቅላችሁ። አሜን።